አልገጥም ያለው ጥግ

መጋቢት 3፣ 2011፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሰው ያላልኩትን «ብለሃል» እያለ ስላስቸገረኝ ነው። ጓደኛዬ አብዱባ ይለኛል። ልጄ ማሚቱም ከክብረ መንግሥት ትደውልና «አባዬ፣ ባለፈው እንዲህ ብለውኝ ነበር» ትለኛለች። አላልኩም። ከዛሬ ጀምሮ ያልኩት እዚህ ይጻፋል። እዚህ የሌለውን አላልኩም። አለቀ።

ጽሕፈቴ አያምርም። ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ጦር ሰፈር ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማረኝ ጢም ያላበቀለ ምልምል ነበር። ቀን እኔ አዝዘዋለሁ፣ ማታ እሱ ያዝዘኛል። ቢሆንም የሚነበብ እጽፋለሁ። አላነብም የሚል ካለ ሰነፉ አንባቢው ነው።

ዛሬ እድላዊት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። እድላዊት የማሚቱ ልጅ ናት። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግናት እኔና ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ ተናኘ ነን። እዚሁ ነገሌ ካለው ኮሌጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። አሁን ካድ የሚሉት ትምህርት ላይ ናቸው፤ በኮምፒውተር ቤት መንደፍ ነው። እኔ ከጦሩ መሐንዲስ ክፍል ጀምሮ ስንት ቤት አቁሜያለሁ፣ ኮምፒውተር የጠየቀኝ ቤት ግን አልገጠመኝም።

መምህራቸው ኢፋ የሚባል ወጣት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የቆመ ቤት መርጦ፣ ለክቶ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ ግድግዳ አቁሞ ጣሪያ ከድኖ ያስረክብ ብሏል። እሷ የኔን ቤት መረጠች።

«ከከተማው ሁሉ እንዲህ የማውቀው ቤት የለም፣ አባባ» አለችኝ።

«ከከተማው ሁሉ እንዲህ ቀጥ ያለም የለም» አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች፣ ወደ እኔ ሳታይ አንድ ነገር ጨመረች። ባለፈው ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ይህ ሥራ ከወደቀባት ካድ ይወድቅባታል፤ ካድ ከወደቀባት ከኮሌጅ ትሰናበታለች።

«በኔ ቤት የወደቀ የለም» አልኳት። ቤቱን ማለቴ ነበር። እሷንም።


መጋቢት 6፣ ዓርብ

ለኩ። እድላዊትና ጓደኛዋ ፋይዳ። ፋይዳ የቦሬ ልጅ ናት፣ ብርድ አገር ያደገች፤ በኛ ፀሐይ ያልባታል። ሳቂታ ናት።

እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ ተቆጣጠርኩ። ሜትሩ ሲላላ ጮህኩባቸው። የፊቱ ግድግዳ፣ ጎኖቹ፣ የኋላው። ቤቴን የሚከፍለው መጋረጃ እንጂ ግድግዳ ስላልሆነ ውስጡንም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ኢፋ ያለዚያ አልቀበልም ብሏል። አንዱ ጥግ ላይ የተናኘ ቁምሳጥን ቆሞ ስለከለከላቸው ፋይዳ በርጩማዬን ወስዳ ሜትሩን ከበላዩ ያዘች።

«ሰያፉ ለምን አስፈለገ?» አልኩ።

«ቤቱ ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው በሱ ነው፣ አባባ» አለች ፋይዳ። «ሁለቱ ሰያፍ እኩል ከሆነ ቤቱ ቀጥ ነው።»

«የዚህ ቤት በዓይን ይታወቃል» አልኳት።

የኋላውን ግድግዳ ሲለኩ ሁለቱ ተያዩ። ደግመው ለኩት።  ለምን እንደደገሙት አልጠየቅኩም።


መጋቢት 9፣ ሰኞ

የፋይዳን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ለሁለት ነው የሚጠቀሙበት፤ የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ወረፋቸው አይገኝም። መብራት እስኪጠፋ አብሬያት ተቀመጥኩ።

እንደማስበው አይደለም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ እንደ ሰሌዳ። በእጅ አይሣልም፤ ትእዛዝ ነው የሚሰጠው። አንድ ፊደል ትነካለች፣ «መስመር» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ርዝመቱን በቁጥር ትጽፋለች፤ መስመሩ ልክ ያን ያህል ተዘርግቶ ይቆማል። አይከራከርም። ወደድኩት።

ኦርቶ የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። አንድ ቁልፍ ነው። ሲበራ መስመር ሁሉ ወይ አግድም ወይ ቁልቁል ብቻ ይሄዳል።

«እጄ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አይጣመምም፣ አባባ።»

«ይሄማ ወታደር ነው!» አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ከፊት ግድግዳ ጀመረች። በጎን ወረደች፣ በኋላ ዞረች፣ በሌላው ጎን ወደ ላይ ተመለሰች። ሦስቱ ጥግ ገጠመ። አራተኛው አልገጠመም። መስመሩ መነሻውን ስቶ ስንዝር ያህል ከውስጥ በኩል አለፈ።

ሁለታችንም አየነው። 

«ሜትሩን አላጠበቃችሁትም» አልኳት።

«ሁለቴ ለካነው እኮ።»

«ሁለቴ አላጠበቃችሁትም።»

መብራት ጠፋ። ጥሩ ጊዜ ነው የጠፋው።


መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ጠዋት ብቻዋን የኋላውን ግድግዳ ስትለካ በመስኮት አየኋት። የሜትሩን ጫፍ ድንጋይ አስይዛ። ለእርዳታ አልጠራችኝም። እኔም አልወጣሁም።

የጻፈችውን አየሁት፤ ያው ነው። ከፊቱ ያጥራል።


መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ዘግይቷል። አብዱባ ከብቶቹን ከልጁ ጋር ወደ ዳዋ ወንዝ በኩል ልኮ ሥራ ፈትቷል። ሥራ ሲፈታ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ወልዴ!»

«ናጋ» አልኩት፤ ደህና ማለት ነው።

«ቤትህ በኮምፒውተር ሲለካ ጠማማ ሆነ አሉ?»

ፋይዳ ናት። ያ አፏ። 

«ኮምፒውተሩ ነው የጠመመው» አልኩት።

ተቀመጠና ሳቀብኝ። አብዱባ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ያ ወልዴ፣ እውነት ረስተኸው ነው? ቦታውን ስንቸክል እኮ አብሬህ ነበርኩ።»

ነበረ። አልክድም። ጦሩ ሲበተን ጓዶቼ በየአገራቸው ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። አገሬ ብሄድ ማን ያውቀኛል? ተናኘ ነገሌን ወዳለች፤ እኔም እልኸኛ ነኝ። ያኔ ሜትር ከየት ይመጣል? አብዱባ ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡበትን የበሬ ቆዳ ጠፍር አመጣልኝ። የቤቱን ርዝመት በሱ ልክ አደረግን።

«የፊቱን የቸከልነው በጋና፣ በዝናቡ ወራት ነው» አለ አብዱባ። «ዝናቡ እላያችን ላይ እየወረደ። ከዚያ አንተ ታመምክ፤ የኋላውን የቸከልነው ቦና፣ ደረቁ ወራት ገብቶ መሬቱ ሲሰነጠቅ ነው። ጠፍር እኮ ሲርስ እንደ ሐሜት ይረዝማል፣ ሲደርቅ እንደኔና እንዳንተ ይሰበሰባል። የፊትህ ግድግዳ የዝናብ ልጅ ነው፣ የኋላህ የድርቅ።»

«ጠፍሩ ያንተ ነበር» አልኩት።

«ቤቱስ?»

«ቤቱ የኔ ነው። ጥፋት ካለ የጠፍሩ ነው። ጥፋት ግን የለም።»

«እሺ» አለ። «ሻይ አታጠጣኝም?»

አላጠጣሁትም። ማታ ጸጸተኝ። ሻዩ ነው የጸጸተኝ።


መጋቢት 19፣ ኀሙስ

ዛሬ ተጣላን። እንደነበረው እጽፈዋለሁ።

ኦርቶውን አጥፍታ አገኘኋት። የጎኑን መስመር አጋድማ ከጥግ ጥግ እያገናኘች ነው። ቤቴ በስክሪኑ ላይ አንድ ትከሻው የወደቀ ሰው መስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቤቱ ነው፣ አባባ።»

«የማን ቤት?»

እጇን ከቁልፎቹ አነሣች።

«አብሪው» አልኳት። «ያን ወታደሩን አብሪው።»

«ኢፋ ያለውን ቤት ሥሩ ነው ያለን። እንዲሆን የምትፈልጉትን አይደለም ብሎናል።»

«ያለው ቤት ይኸው! ውስጡ ተቀምጠሻል። ውስጡ አድገሻል። ውስጡ ሆነሽ ጠማማ ነው ብለሽ ለአገር ልታሳዪ ነው? ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉት የማን ነው ሲባል ምን ልትዪ ነው?»

«እሱ እኮ ማንም...»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን አታደርጊም። ካደረግሽ ሥራሽን ሌላ ቤት ሄደሽ ሥሪ።»

ይህን አልኩ። ብያለሁ፣ ተጽፏል።

 ኦርቶውን አበራችው። የኋላውን መስመር ከፊቱ እኩል አደረገችው። አራተኛው ጥግ ጥርቅም ብሎ ገጠመ።

«አየሽ?» አልኳት።

ግድግዳውን አቆመች፣ ጣሪያውን ከደነች፣ ከዚያ በጣቷ አዞረችው። ቤቴ ዞረ! ከላይ አየሁት፣ አሞራ እንደሚያየው። ከኋላ አየሁት። ስገነባው እንኳ እንዲህ አላየሁትም። አንድም የሚነቀፍ የለውም። ደግማ እንድታዞረው ጠየቅኳት። አዞረችልኝ። ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነበር።


መጋቢት 27፣ ዓርብ

ፋይዳ መጥታ ነበር። ኮሌጁን ጨርሰው የወጡት ሁሉ ሥራ የያዙት ሐዋሳና አዲስ አበባ ነው አለች። እዚህ የቀረ የለም አለች። እድላዊት «መጀመሪያ እንለፍ» አለቻት።

ሐዋሳ ምን አለ? ሐይቅ። ሐይቅ አይቶ የሚበላ ሰው አላውቅም።


ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

አስረከበች። የለካችውን ቁጥር የጻፈችበትንም ወረቀት አብራ ሰጠች።

ዝናብ ዛሬ ጀመረ። ጣሪያው አላፈሰሰም። ይህም ይጻፍ።


ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ሳላስበው ተናኘ ትዝ ብላኝ ዋለች። ቁምሳጥኑን በተመለከተ። ገና አዲስ ሆኖ ሲመጣ ጥግ ላይ አላርፍ አለ። ጀርባው ግድግዳውን ሲነካ ጎኑ ይሸሻል፤ ጎኑ ሲጠጋ ጀርባው ይሸሻል። «ወልዴ፣ ግድግዳው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። እግሩ ነው አልኳት። እግሩን በመላጊያ ላግኩት። አልሆነም። ሌላኛውን ላግኩት። ቁምሳጥኑ እስከ ዛሬ ሰው ባለፈ ቁጥር ይነቃነቃል። እሷ ዕድሜ ልኳን «እግሩ ነው» እያለች ለሰው ትናገር ነበር። እኔ ፊት።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እንጨቱ እርጥብ ነበር።


ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

እድላዊት አትበላም። ሆዴን ነው ትላለች። ሰሞነ ሕማማት ነው፣ ጾሙም አድክሟት ይሆናል።

ላፕቶፑን መልሳለች። ለምን አልኩ። ሥራ የለም አለች።


ሚያዝያ 17፣ ኀሙስ

ቆርቆሮ በሩ ጋ ቆመው ነበር፣ እሷና ፋይዳ። እኔ ውስጥ ጫማ እጠግናለሁ። መስማት አልፈለግኩም፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምን ይሸሽጋል።

«ለምን አትነግሪውም?» አለች ፋይዳ።

«ለማን? ለኢፋ?»

«ለኢፋም ለአባባም! ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ሰያፍ እኩል ነው፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍሽው እኩል አይደለም። ሰውዬው ቤቱን ሳታይ ፈጥራለች ብሎ ነው የጣለው። የቀደሟቸውን ተማሪዎች ሥራ ገልብጠው የሰጡ ተይዘዋል፤ ከነሱ ጋር ነው የደመረሽ። ለክቻለሁ በይው! እኔ ምስክር ነኝ።»

«ከለካሽ ለምን ቀየርሽው ቢለኝስ?»

«እውነቱን ንገሪው።»

«አያቴ አስገደደኝ ልበል? በስተርጅና ስሙን በክፍሉ ሁሉ ላስነሣ? ተይኝ ፋይዳ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ክብረ መንግሥት እሄዳለሁ።»

መዶሻው እጄ ላይ ቀረ። ገብታ «አባባ፣ እራት ምን ልሥራ?» አለችኝ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እሷም እንዳልሰማሁ ያመነች መሰለች።


ሚያዝያ 20፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ዶሮ አለ። ሁለታችንም አልበላነውም ማለት ይቻላል።

ማሚቱ ደወለች። እንኳን አደረሰዎት ብላ ሳትጨርስ «አባዬ፣ እድላዊት ከመጣች ሱቁን ለሷ እተውላታለሁ፤ ትምህርት ለሁሉም አይሆንም» አለችኝ። የሁሉም ሰው ሆድ ያወቀውን እኔ በበር ስንጥቅ ሰማሁት።

«እድላዊት ሱቅ ለመጠበቅ አልተማረችም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ወድቃለች እኮ!»

«በዚህ ቤት የወደቀ የለም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። 

ብትሄድ እናቷ ጋ ናት፤ ብታልፍ ሐዋሳ ናት። በየትኛውም መንገድ ከበሩ ትወጣለች። አስቤበታለሁ። የሚሻለው የቱ እንደሆነ ግን ማሰብ አያስፈልገውም። አንገቷን ደፍታ ከምትወጣ ቀና ብላ ትውጣ።


ሚያዝያ 24፣ ኀሙስ

ኮሌጁ ሄድኩ። ካፖርቴን ለብሼ። የበሩ ዘበኛ መታወቂያ አለኝ። ይህ ግቢ የጦሩ ካምፕ ሆኖ ሲሠራ የት ነበርክ አልኩት። አልተወለድኩም አለ። እንግዲያው ዞር በል አልኩት። ዞር አለ።

ኢፋ በጣም ልጅ ነው። ከመቀመጫው ተነሣ፣ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«የእድላዊት አያት ነኝ። ቤቴን ሳታይ ነው የሠራችው ብለሃል።»

«አባባ፣ እኔ ቤትዎን አልተጠራጠርኩም። ሥዕሉን ነው።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቤቴ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ይኸው፣ ሰያፎቹ እኩል ናቸው። እዚህ በእጇ የጻፈችው ግን እኩል አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የቱ እንደሆነ ስጠይቃት አለቀሰች እንጂ አልመለሰችልኝም። የማያውቀውን ቤት የሚሥል መሐንዲስ ነገ ሰው ላይ ጣሪያ ይጥላል።»

«ጣሪያዬ አንድ ጠብታ አሳልፎ አያውቅም» አልኩት።

«እሱን ማለቴ አይደለም፣ አባባ።»

«እኔ ግን እሱን ማለቴ ነው!»

 እዚያው ልናገር ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሌላ ሁለት መምህራን ከወዲያ ጠረጴዛ ያዩኛል።

«ቅዳሜ ና» አልኩት። «ሜትርህን ይዘህ ና። በሌላ ሰው ወረቀት ከመፍረድ ራስህ ለካ።»

«ውጤቱን ነገ ላስረክብ ነበር።»

«ቅዳሜ እስክትለካ አታስረክብም። አገር የጠበቀ ሽማግሌ በእግሩ መጥቶ ሲለምንህ...» አልኩና አረምኩት፤ «ሲያዝዝህ።»

ፊቱን አዞረ። ሲስቅ እንዳላየው ይመስለኛል። «እሺ፣ ሰኞ አስረክባለሁ» አለ።

ለእድላዊት አልነገርኳትም። ካፖርቱ ለምን ወጣ አለችኝ። ለፀሐይ አልኳት።


ሚያዝያ 26፣ ቅዳሜ

መጣ። በባጃጅ። እድላዊት በሩን ስትከፍት ክው አለች።

አብዱባም መጣ፣ ሳይጠራ። ከደጄ ግራር ሥር ቦታ ያዘ፣ ሠርግ ሊያይ ይመስል። «ናጋዳ፣ መምህር!» አለው። «ግባ፣ ግባ። ይሄ ቤት የዝናብና የድርቅ ልጅ ነው።» በዓይኔ አፈጠጥኩበት።

እኔ በርጩማዬን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለነሱ። ሰምቼ ነው ያወቅኩት። የፊቱን ለኩ። የኋላውን ለኩ። ኢፋ ቁጥሩን ድምፁን አውጥቶ ያነባል፣ እሷ «አዎ፣ ይህንኑ ነው የጻፍኩት» ትላለች።  ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ሰያፉን ከወለል ነው የምፈልገው» ሲል ሰማሁ። «ይህ ቁምሳጥን ይነሣ።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። የተናኘን ዕቃ ባዕድ አይነካውም። ከእድላዊት ጋር ጎተትነው። ከኋላው፣ ከግድግዳው ጋር ባለው ክፍተት ውስጥ፣ ከታች እስከ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። የኔ የወታደር ሸሚዝ እጅጌ፣ የእድላዊት የሕፃንነት ቀሚስ፣ የነጠላ ቁራጭ። ንጹሕ ንጹሑን። በተናኘ እጅ ተጣጥፎ። ክፍተቱ እንዳይታየኝ።

«ምንድን ነው፣ አባባ?» አለ ኢፋ።

«ለንፋስ ነው» አልኩት።

ሰብስቤ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

ኢፋ መጻፍ ስላለበት የሜትሩን ጫፍ የሚይዝ ሰው ፈለገ። አብዱባ ከግራሯ ሥር ተነሣ። «ተቀመጥ!» አልኩት። «አንተ ጠፍር ስትይዝ ምን እንደመጣ አይተናል።» ጫፉን እኔ ያዝኩ። ተንበርክኬ ጥጉ ውስጥ አስገባሁት። ጉልበቴ ይጮሃል። ይጩህ።

«ጠበቅ ያድርጉት፣ አባባ።»

አጠበቅኩት። ለልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ «አላጠበቅሽም» ስላት ከነበረው በላይ አጠበቅኩት። አነበበ። ወደ ሌላው ጥግ ሄድን። አነበበ። የሁለቱ ቁጥር እንኳን እኩል ሊሆን አይቀራረብም። እድላዊት ወረቀት ላይ ከጻፈችው ጋር ግን አንድ ነው።

ኢፋ ብዕሩን አስቀመጠ። እሷን አያት። «ለክተሻል። በደንብ ለክተሻል። ታዲያ ይህን ቤት ቀጥ አድርገሽ እንድትሠሪ ያዘዘሽ ማነው?»

ራሷን ነቀነቀች፤ ማንም አላዘዘኝም ልትል።

«እኔ ነኝ!» አልኩት። እንደተንበረከክሁ። «በዚህ ቤት ሌላ ማን ሊያዝዝ ይችላል? ጠማማ ነው ስትለኝ ቀጥ ነው አልኳት። ካልሠራሽው ውጪ አልኳት። ቅጣት ካለ እኔን ጻፈኝ።»

አብዱባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

ኢፋ ሜትሩን ጠቀለለ። «ኦርቶውን አጥፍታ እንደገና ትሥራው። እቀበላታለሁ። ግን እቀንስባታለሁ።»

«ለምን ትቀንሳለህ? አልዋሸችም። ታዘዘች።»

«ለዚህ ነው የምቀንሰው፣ አባባ። መሐንዲስ እንዲህ መታዘዝ የለበትም።»

መልስ ፈለግኩ። እስከ አሁን እየፈለግኩ ነው። ስላላገኘሁ ሻይ አጠጣሁት። አብዱባንም።


ግንቦት 1፣ ኀሙስ

እየሠራች ነው። ኦርቶው ጠፍቷል። እኔ አልናገርም፤ አያለሁ ብቻ።

ጣሪያው አስቸገራት። ግድግዳዎቹ እኩል ስላልሆኑ የቆርቆሮው ጠርዝ ከኋላ በኩል አልመጣላትም። ብዙ ሞከረች።

«አንድ ወገኑን በሰያፍ ቁረጪው» አልኳት። «ከፊት ሰፊ፣ ወደ ኋላ ስትሄጂ እያጠበብሽ። ስመታው እየተረፈኝ ሲያስቸግረኝ ሁሉንም እንደዚያ በመቀስ ቆርጬ ነው የመታሁት።»

እጇ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ያኔ ቆርጠውት ነበር?»

«ቆርቆሮ አይቆረጥም እንዴ?»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው፣ አባባ።»

«ስለ ቆርቆሮ ነው የነገርኩሽ» አልኳት። «ሥሪ።»

ሠራችው። ልክ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ሳቋን ይዛ። ትሳቅ።


ግንቦት 14፣ ረቡዕ

አለፈች! ሲ ሰጣት። ለቤቴ ሲ! ኢፋ ጋ ልሄድ ካፖርቴን ሳነሣ እድላዊት በሩ ላይ ቆመችብኝ። «አባባ፣ ተዉ! አልፌያለሁ እኮ! አልተባረርኩም!» አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ካፖርቱን ሰቀልኩት። ለዛሬ።

ማሚቱ ጋ ራሴ ደወልኩ። «ለሱቅሽ ሰው ፈልጊ» አልኳት።


ግንቦት 16፣ ዓርብ

ኢፋ የእድላዊትን ሥዕል በትልቅ ወረቀት አትሞ ሥዕል ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። ለሚመጡት ተማሪዎች ሰያፍ መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ በሱ ላስተምር ብሏል። እድላዊት ይህን የነገረችኝ እየፈራች ነው። ቆይታ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ከሥዕሉ ግርጌ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። የሣለው፣ የመረመረው፣ ቀኑ። «ቤቱን የሠራው» የሚለው ባዶ ነው።

«ባዶውን ልተወው ብዬ ነው» አለችኝ። «አንቱ ካልፈለጉ።»

ቤቱን አየሁት። የፊቱ ረጅም፣ የኋላው አጭር፣ አንዱ ጎን ያጋደለ። ደጋግሜ አየሁት። ይህ ነው ያሳደጋት።

«ቤት ራሱን ይሠራል እንዴ?» አልኳት። «ጻፊ። ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ።»

«ሰው ይስቃል፣ አባባ።»

«በትልቁ ጻፊው። የሚስቅ ካለ መጥቶ ይለካ።»